ትራክተሩ ሲያርፍ ባትሪው አያርፍም

በክልላችን የእርሻ ሥራ በበሬ ጫንቃ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የነበረበት ጊዜ እየተለወጠ ነው። በጎጃም የስንዴ አብቃይ ወረዳዎች በኩታ ገጠም የተዘራ ማሳ በኮምባይነር ይታጨዳል። በመተማና በቋራ ቆላማ አካባቢዎች የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ መሬት በትራክተር ይገለበጣል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱም ማሽኖቹ ወደ ዩኒየኖች፣ ወደ ወጣት ማኅበራትና ወደ ግለሰብ አገልግሎት ሰጪዎች እጅ እንዲደርሱ በር ከፍቷል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ማሽኖች ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም። ኮምባይነር ከኅዳር እስከ ጥር ቀን ከሌት ይሮጥና ቀሪውን የዓመቱን ክፍል በአብዛኛው ቆሞ ያሳልፋል። የበጋ መስኖ ስንዴ በሚለማባቸው አካባቢዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ተጨማሪ ሥራ ቢያገኝም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ረዥም ነው። የቆላው ትራክተር ደግሞ በተቃራኒው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይቆማል። የሚቆመውም ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ነው።

ችግሩ የሚታየው ማሽኑ ዳግም ሲፈለግ ነው። ናፍጣው ተቀድቷል፤ ዘይቱ ተቀይሯል፤ ማረሻው ተስሏል፤ አርሶ አደሩ ተራ ይዞ ይጠብቃል። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሲያዞር ግን ከሞተሪኖው የሚሰማው አንድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሆናል። ባትሪው ሞቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በባትሪው ጥራት ወይም በኦፕሬተሩ አያያዝ ይላከካል። ብዙውን ጊዜ እውነቱ ሌላ ነው። ባትሪው የሞተው በሥራ ብዛት ሳይሆን በመጠለያ ውስጥ ቆሞ፣ የሚያየው ሰው አጥቶ ነው።

በሬም ባትሪም በበጋ ይቀለባሉ

አርሶ አደራችን ይህን ጉዳይ ከበሬው ያውቀዋል። በሬ በበጋ ቀንበር አይሸከምም ተብሎ ድርቆሽና ውሃ አይነፈገውም። በበጋ የከሳ በሬ በሰኔ እርፍ ሲያዝበት ከመስኩ ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ ጭድ ቢከመርለትም ለዚያ ዓመት እርሻ አይደርስም። ባትሪም እንዲሁ ነው። ሳይሠራ የሚቆምበት ወቅት ከሥራው ወቅት ይልቅ ቀለብ የሚፈልግበት ነው። ቀለቡም በወር አንድ ቀን የሚሰጥ፣ ቀስ ያለ የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው።

ጉዳቱን በባትሪ ዋጋ ብቻ መለካት አይበቃም። የክረምቱ ዝናብ ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። አፈሩ ለማረስና ለመዝራት የሚመችበት ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር አፈር ውሃ ይቋጥርና ትራክተር አይገባበትም። በመኸርም የደረሰ ስንዴ ማሳ ላይ ሲቆይ ይረግፋል፤ ያልታሰበ የኅዳር ዝናብ ከመጣም ይበሰብሳል። አንድ ትራክተር ለሦስት ቀን ቢቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት ሊታረስላቸው የነበሩ አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ ናቸው። ማሽኑን በብድር ወይም በሊዝ የያዘ የወጣቶች ማኅበር ከሆነ ደግሞ ገቢው ቢቆምም የክፍያው ቀን አይቆምም።

በባትሪው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

በትራክተር፣ በኮምባይነር፣ በጭነት መኪናና በሞተር ሳይክል ላይ በብዛት የሚገኘው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ ቅርጹና ጥራቱ ቢሻሻልም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ 6 ክፍሎች ወይም ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። በየሴሉ ውስጥ የእርሳስ ሰሌዳዎች ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ።

ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ከአሲዱ ውስጥ ሰልፌት እየወጣ በሰሌዳዎቹ ላይ ይለጠፋል፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ከሰሌዳው ለቆ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ይህ የተለመደ ሥራው ነው። ማንም ሳይነካው የቆመ ባትሪም ቢሆን ግን በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ኃይሉን ያጣል። ሰልፌቱም ሰሌዳው ላይ ሳይነሳ ለሳምንታትና ለወራት ከቆየ እንደ ጨው ድንጋይ እየጠጠረና እየተለቀ ይሄዳል። ጠጣሩ ሰልፌት በቀላሉ ወደ አሲዱ አይመለስም። ሰሌዳው የሚሠራበት ስፋት ይቀንሳል፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ያንሳል፤ በመጨረሻም ቻርጅ አልቀበል ይላል።

ስለዚህ ባትሪን ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ጎድሎ መቆየት ነው። አንድ ቀን ጎድሎ በማግስቱ የተሞላ ባትሪ ብዙም አይጎዳም። ጎድሎ ሦስት ወር የቆመ ባትሪ ግን አዲስ እንኳ ቢሆን ዕድሜው ያጥራል።

ቆላና ደጋ አንድ አይደሉም

ባትሪ በራሱ የሚጎድልበት ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። ጤነኛ ባትሪ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲቀመጥ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍጥነት በግምት በእጥፍ ያድጋል። ያረጀ ወይም የቆሸሸ ባትሪ ደግሞ ከዚህም በላይ ይፈጥናል።

ይህን ወደ ክልላችን እናምጣው። በደብረ ብርሃን ወይም በጉና ሥር ባለ ቀዝቃዛ መጋዘን ተሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ ከሦስት ወር በኋላም ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ቢጎድል ነው። በመተማ አማካይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሆነ ሥፍራ የተቀመጠው ግን በወር 8 በመቶ ያህል ቢያጣ በሦስት ወር ውስጥ ከአራት አንድ እጁ ይሄዳል። ፀሐይ በሚያግለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከማሽኑ ሳይወርድ ከቆመ ደግሞ ጉድለቱ ከዚህ ይብሳል። ለደጋው ወረዳ የሚበቃው ክትትል ለቆላው ወረዳ አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም ሌባ አለ። አዳዲስ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ቁልፋቸው ቢጠፋም ሰዓት፣ ሬዲዮና የመቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ከባትሪው ጥቂት ኃይል መሳባቸውን አያቆሙም። ይህ ፍጆታ 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው እንበል። በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። 120 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የትራክተር ባትሪ ሁለት ወር ሳይሞላው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለረዥም ጊዜ የሚቆም ማሽን ባትሪው መነቀል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽኑን ከማቆም በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን ከማሽኑ ማላቀቅ ነው። ሞተሩ ከጠፋና ቁልፉ ከወጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ከማሽኑ አካል ጋር የታሰረው ገመድ በቅድሚያ ይፈታል፤ ይህ በአብዛኞቹ ማሽኖች የኔጌቲቩ ገመድ ነው። ፖዘቲቩ የሚፈታው ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉ የተቀመጠው በምክንያት ነው። ፖዘቲቩን በቅድሚያ ስንፈታ መፍቻው የማሽኑን ብረት ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል። ባትሪው ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቭ በመጀመሪያ፣ ኔጌቲቭ በመጨረሻ ይታሰራል። በመልሱ ጊዜ ሁለቱን ማቀያየር አልተርኔተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይፈታ በፊት ገመዶቹ ላይ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጽዳት ነው። በባትሪው ራስ ላይ የተጠራቀመ አቧራ፣ ዘይትና የአሲድ እርጥበት በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል፤ ባትሪውም ሳይታወቅ ይጎድላል። የሴሎቹን ክዳን በሚገባ ዘግቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ በጨርቅ መጥረግና በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ ማድረቅ ይበቃል። በምሰሶዎቹ ላይ የበቀለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፤ በመጨረሻም ስስ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ይቀባል።

ሦስተኛው የውሃውን ልክ ማየት ነው። ክዳን ባለው ባትሪ አሲዱ ሰሌዳዎቹን ሸፍኖ መገኘት አለበት። ሰሌዳ ከታየ እስኪሸፈን ድረስ ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመራል። ሙሉ ልኩን መጨመር የሚገባው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል አስቀድሞ ከሞላ ይፈስሳል። የቧንቧ፣ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ የያዘው ማዕድን ሰሌዳውን ይጎዳል። አሲድ መጨመርም ስህተት ነው። በትነትና በቻርጅ የሚቀንሰው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

አራተኛው ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። ቦታው ቀዝቃዛ፣ ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ይሁን። ከእህል፣ ከምርጥ ዘር፣ ከማዳበሪያና ከእሳት ይራቅ።

ቴስተር ምን ይላል?

የባትሪን ጤንነት በዓይን ወይም በክብደት ማወቅ አይቻልም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ተራ ቴስተር ግን በደቂቃ ውስጥ ይናገራል። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ ወይም ማሽኑ ከሠራ በኋላ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት አርፎ ሲለካ ነው። ወዲያው የተለካ ባትሪ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

ለባለ 12 ቮልት ባትሪ አነባበቡ እንደሚከተለው ነው። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ሩብ ብቻ መቅረቱን ያሳያል። 11.9ና ከዚያ በታች ባዶ ነው ሊባል ይችላል። በ12.6ና በ12.0 መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ጥቂት ቢመስልም፣ በሙሉና በሩብ ጎተራ መካከል ያለውን ያህል ልዩነት ነው። «12 ቮልት ያሳያል፣ ደህና ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ብዙ ባትሪ አስጥሏል።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ የአሲድ ውፍረት መለኪያው ሃይድሮሜትር የበለጠ ይናገራል። ሙሉ ባትሪ ከ1.265 እስከ 1.280፣ ግማሽ የሆነው 1.190 ገደማ፣ ባዶው 1.120 አካባቢ ያነባል። ስድስቱ ሴሎች የተቀራረበ ቁጥር መስጠት አለባቸው። ተሞልቶም አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.050 ያህል ካነሰ ያ ሴል ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ለሥራ ወቅት ማመን አይገባም።

የማረፊያ ወቅት ሕጉ አጭር ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ይለካ፣ 12.4 ቮልት ላይ ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲወርድ ሳይውል ሳያድር ይሞላ። በቆላ ወረዳዎች በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢለካ ይመረጣል።

ቀስ ብሎ መሙላት

ባትሪ በችኮላ ሲሞላ የሚሆነው በደረቅ መሬት ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ነው። ዶፍ አፈሩን አጥቦ ይሄዳል እንጂ ወደ ሥሩ አይዘልቅም፤ ቀስ ብሎ የሚያካፋው ግን ይሰርጋል። ከፍተኛ አምፔር በተለይ ጎድሎ በቆየ ባትሪ ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል፣ ውሃውን ያተናል፣ ሰሌዳዎቹን ያጣምማል፣ በላያቸው ያለውንም ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ያረግፋል። ቴስተር ላይ ወዲያው ጥሩ ቁጥር ቢያሳይም ውስጡ አልሞላም። በማግስቱ ሲለካ ወርዶ ይገኛል።

መነሻ የሚሆነው ስሌት ቀላል ነው። በባትሪው ላይ የተጻፈው አምፔር ሰዓት ለ10 ሲካፈል የሚገኘው ከዚያ ሊታለፍ የማይገባው አምፔር ነው። ለ120 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ12 አምፔር አይበልጥም ማለት ነው። ለማረፊያ ወቅት ግን ግማሹ፣ ማለትም 6 አምፔር ያህል የተሻለ ነው። ሰልፌት የያዘው የሚመስል ባትሪ ከዚህም ባነሰ አምፔር ለረዥም ሰዓት ቢሞላ፣ ገና ያልጠጠረው ሰልፌት ሊለቅለት ይችላል። ፈጽሞ የጠጠረውን ግን የትኛውም ቻርጀር አይመልሰውም።

ጊዜውንም ማስላት ይቻላል። 120 አምፔር ሰዓት ባትሪ 12.2 ቮልት ካሳየ 60 አምፔር ሰዓት ጎድሎታል። በመንገድ የሚባክነውን 20 በመቶ ያህል ስንጨምር 72 ይሆናል። በ6 አምፔር 12 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሌሊት ገደማ ያስፈልገዋል፤ ወደ መጨረሻው ባትሪው የሚቀበለው ስለሚቀንስ ከዚህ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል።

ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ከተገኘ ሥራው ይቀላል። ባትሪው እየሞላ 14.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ አምፔሩን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲጠግብ ደግሞ ከ13.2 እስከ 13.6 ቮልት ባለው መጠን ብቻ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ቻርጀር ለሳምንታት ተሰክቶ ቢቆይ ችግር የለውም። መቆጣጠሪያ የሌለው የድሮው ዓይነት ቻርጀር ግን ባትሪው ጠግቦም መግፋቱን አያቆምምና ሰው ሳይከታተለው መተው የለበትም። ባትሪው መሙላቱ የሚታወቀው ሴሎቹ ሁሉ እኩል ሲፍለቀለቁና በሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ የተወሰደው የሃይድሮሜትር ንባብ ከፍ ማለቱን ሲያቆም ነው። የባትሪው አካል በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ፈሳሹ 50 ዲግሪ ከደረሰ ቻርጀሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት።

ሁለት ባትሪ ያላቸውን ማሽኖች በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ሁለቱን ባትሪ በ12 ቮልት ጎን ለጎን፣ ሌሎቹ ደግሞ ተከታትለው 24 ቮልት እንዲሰጡ ያስራሉ። ለማረፊያ ወቅት እያንዳንዱን ለይቶ መለካትና ለይቶ መሙላት ይገባል። አሮጌውን ከአዲስ ጋር ማጣመርም አሮጌው አዲሱን ይዞት እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ክዳን የሌላቸው ዝግ ባትሪዎች ውሃ አይጨመርላቸውም፤ ከ14.4 ቮልት በላይ መግፋትም ውስጣቸውን ያደርቃል። በላያቸው ላይ የተለየ የቻርጅ መጠን ተጽፎ ከሆነ የሚከበረው እሱ ነው።

መብራት በሌለበት ቀበሌ

«ቻርጀር ቢኖርስ መብራት የት አለ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። ጥሩው ነገር የቆመ ባትሪ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። 120 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወር 8 በመቶ ቢያጣ የሚጎድለው 10 አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ በቀን ሲካፈል ከ0.4 አይበልጥም። 10 ዋት የሆነች አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ በቀን ለ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብታገኝ ከ3 አምፔር ሰዓት በላይ ልትሰጥ ትችላለች። ይህ ከሚጎድለው ብዙ እጥፍ በመሆኑ አንዲት ሰሌዳ በየተራ ከአንድ በላይ ባትሪ ልትጠብቅ ትችላለች።

ሁኔታው ግን አንድ ነው። በሰሌዳዋና በባትሪው መካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ መግባት አለበት። መቆጣጠሪያው በቀን ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ በሌሊት ደግሞ ኃይሉ ወደ ሰሌዳዋ እንዳይመለስ ይከላከላል። ሰሌዳዋ ጥላ የማያርፍባት ቦታ ላይ ትሰቀል፤ አቧራዋም በየሳምንቱ ይጠረግ። ለቤት መብራት የተገዛች ሰሌዳ በቤቱ ካለች ከመቆጣጠሪያዋ ጋር ለዚህ ልትውል ትችላለች። ባዶ የሆነን ባትሪ ለመሙላት ግን አነስተኛዋ ሰሌዳ ብዙ ቀናት ይወስድባታል። ስለዚህ ባትሪው ከመቆሙ በፊት በከተማ ተሞልቶ መምጣት አለበት፤ የሰሌዳዋ ድርሻ ያንን መጠበቅ ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጡ ልማዶች

በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማቆየት ባትሪን ይጠብቃል የሚል እምነት አለ። በሥራ ፈት ዙር የሚሽከረከር አልተርኔተር በአሥር ደቂቃ የሚሰጠው ለማስነሳት የወጣውን ከመተካት ብዙም አያልፍም፤ ቀደም ብሎ የጎደለውን አይሞላም። ሞተሩም በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በውስጡ እርጥበት ይቋጥራል፤ ናፍጣም ይባክናል። ባዶ የሆነን ባትሪ በሌላ ባትሪ አስነስቶ «በሥራ ላይ ይሞላል» ማለትም አልተርኔተሩን ላልተሠራበት ሸክም መዳረግ ነው። አልተርኔተር የሞላን ባትሪ ለመጠበቅ እንጂ የሞተን ለማስነሳት የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ባትሪ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቀመጥ ኃይሉን መሬት ይመጥጠዋል የሚለውም በስፋት ይነገራል። ሣጥናቸው ከእንጨትና ከጎማ ይሠራ በነበረበት ዘመን ምክንያት ነበረው። የዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጣውላ ላይ ማስቀመጡ ለንጽሕና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጣውላው ወርሃዊውን ቻርጅ አይተካም።

ሞተር ሳይክሎችና የመጋዘን ባትሪዎች

የግብርና ባለሙያዎች ወደ ቀበሌ የሚወርዱባቸው ሞተር ሳይክሎች ባትሪ በብዛት ከ10 አምፔር ሰዓት በታች ነው። ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ይጎድላል፤ ለመሙላትም የሚበቃው ከ1 አምፔር በታች ነው። ይህን ባትሪ ለጭነት መኪና ከሚያገለግል ትልቅ ቻርጀር ጋር ማገናኘት በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል። ነዳጅ ወይም መለዋወጫ እስኪመጣ ተብሎ ግቢ ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚቆም ሞተር ሳይክል ባትሪው ወርዶ ከቤት ውስጥ ቢቀመጥ፣ መለዋወጫው ሲመጣ ሌላ ግዢ አያስከትልም።

ለመጠባበቂያ የሚገዙ ባትሪዎችም ጥያቄ አላቸው። አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ መጋዘን ውስጥ ቢሆንም መጉደሉን አያቆምም። ለመጠባበቂያ የሚፈለግ ከሆነ አሲዱ ለብቻው የሚመጣውን ደረቅ ባትሪ ገዝቶ፣ ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን ብቻ መሙላት ይመረጣል። በርክክብ ወቅት የተመረተበትን ቀን ማንበብና በቴስተር መለካትም የንብረት ክፍሉ ሥራ መሆን አለበት። ከ12.4 ቮልት በታች የሚያሳይ «አዲስ» ባትሪ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዕድሜውን መቁጠር የጀመረ ነው።

ኃላፊው ማን ነው?

ይህ ሁሉ እውቀት በየጋራዡ ያለ ነው። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ የሥራው ባለቤት ነው። ኦፕሬተሩ የሥራ ወቅት ሲያልቅ ውሉ ያበቃል፤ ንብረት ክፍሉ ማሽኑን በቁጥር ይረከባል እንጂ ባትሪውን አይለካም፤ ባለሙያው «ሲነሳ ይታያል» ብሎ ያልፋል። ባትሪው በሦስቱ መካከል ይሞታል። ከዚያ ሰኔ ላይ ለአንድ ባትሪ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ግዢው የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ይወድቅና ዝናቡ ያልፋል።

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለዩኒየኖችና ለማኅበራት መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ስም አንድ ካርድ ይዘጋጅ፤ የባትሪው አምፔር ሰዓት፣ የተገጠመበት ቀን፣ በየወሩ የተለካው ቮልት፣ የውሃው ልክ፣ የተሞላበት ቀንና የለካው ሰው ፊርማ ይስፈርበት። ለካርዱ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው በስም ይመደብ። በማሽን ርክክብ ቅጽ ላይም «ባትሪ አለ» ከሚለው ይልቅ «ባትሪ፣ 12.6 ቮልት» ተብሎ ይጻፍ። አንድ ቴስተር፣ አንድ ሃይድሮሜትርና አንድ ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ለአንድ ወረዳ ማሽኖች በየተራ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው። በተከታታይ ወራት በፍጥነት የሚወርድን ባትሪ አስቀድሞ ያሳያል። ተሞልቶ ባደረ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደም መተኪያው የሚታሰብበት ጊዜ ደርሷል። ይህን በየካቲት ያወቀ ወረዳ ግዢውን በመጋቢት ይጀምራል፤ በሰኔ ያወቀው ግን ከአርሶ አደሩ ጋር ይጨቃጨቃል።

ሕይወትን የሚመለከት ጥንቃቄ

ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሙላት፣ አጠገቡ ሲጋራ ማጨስ፣ ኩራዝ ይዞ ውሃውን መመልከት ፈጽሞ አይገባም። የቻርጀሩ ገመድ ከባትሪው ጋር የሚገናኘውም የሚለያየውም ቻርጀሩ ከጠፋ በኋላ ነው። በማሽኑ ላይ ብየዳ ከተሠራም ባትሪው አስቀድሞ መላቀቅ አለበት።

አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነ ከታጠበ በኋላ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። መነጽርና የጎማ ጓንት የዚህ ሥራ መሣሪያዎች ናቸው።

ያለቀለት ባትሪም ቢሆን በግቢ ውስጥ አይሰበር፤ አሲዱም በማሳ ወይም በወንዝ ዳር አይደፋ። በውስጡ ያለው እርሳስ መርዛማ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የባትሪን ሣጥን አጥቦ ለውሃ ወይም ለእህል መያዣ ማድረግም አደገኛ ነው። አሮጌው ባትሪ ሳይከፈት፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ለሚረከብ ነጋዴ ወይም ለንብረት ክፍል መመለስ አለበት።

የዘንድሮው ማሽን የቆመበት ግቢ ሩቅ አይደለም። ቴስተር ይዞ ሄዶ የሁሉንም ባትሪ ቮልት መጻፍ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከ12.4 በታች የተገኙት በዚያው ሳምንት ቀስ ብለው ይሞሉ፤ ከ12.0 በታች የተገኙት ከተሞሉ በኋላ አንድ ሳምንት አርፈው ዳግም ይለኩ፤ ያልያዙት ለግዢ ይመዝገቡ። ይህ ዝርዝር ከዝናቡ በፊት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ፣ ትራክተሩ በተጠራበት ቀን ማሳው ላይ ይገኛል።